የካኔኦሄዋ ካታሊና፦ በፐርል ሃርበር ዕለት ስለሰጠመችው የጦር በራሪ ጀልባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጃፓን ፐርል ሃርበር የተባለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደብ ባጠቃችበት ዕለት፣ ካኔኦሄ በተባለው ሌላ የአሜሪካ ሰፈር ስለሰጠመች አንዲት ካታሊና ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው።

በራሪ ጀልባ ምንድን ናት? ከሌላው ውኃ ላይ ከሚያርፍ አውሮፕላን በምን ትለያለች?

ውኃ ላይ የሚያርፍ ሁሉ በራሪ ጀልባ አይባልም። ተራ አውሮፕላን ጎማው ወልቆ በምትኩ ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች ሲገጠሙለት ውኃ ላይ መቀመጥ ይችላል፤ ሆዱ ግን ውኃ አይነካውም። በራሪ ጀልባ የምንለው ሆዱ ራሱ እንደ ጀልባ ተሠርቶ ውኃው ላይ የሚተኛውን ነው። መልሕቅ ይዞ ይበርራል፣ ገመድና ቀዘፋ የሚያውቁ ሰዎችም ይፈልጋል። ሠራተኞቹ ግማሽ አብራሪ፣ ግማሽ መርከበኛ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ዛሬ እንግዳ ነገር ቢመስልም በ1930ዎቹ ረጅም ማኮብኮቢያ ያለው አየር ማረፊያ ብርቅ ስለነበር ውቅያኖስ ማዶ ለመሻገር የሚመረጠው ይህ ነበር። ለእኛም ታሪክ ባዕድ አይደለም፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1932 ዓ.ም ከእንግሊዝ ስደታቸው ሲነሡ እስክንድርያ ድረስ ያደረሰቻቸው ሰንደርላንድ የተባለችው የእንግሊዝ በራሪ ጀልባ ናት።

ካታሊናስ?

ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ላይ የነበረው ኮንሶሊዴትድ ኩባንያ የሠራት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቃኚ ናት። የመጀመሪያዋ በ1935 በረረች፤ በአጠቃላይ ከ3,000 በላይ ተሠርተዋል። ባሕር ኃይሉ «ፒቢዋይ» ይላታል። «ፒ» ቃኚ፣ «ቢ» ቦምብ ጣይ መሆኗን ሲያመለክቱ «ዋይ» የአምራቹ መለያ ፊደል ነው። ካኔኦሄ ላይ የሰጠመችው «ፒቢዋይ-5» የሚባለው ዓይነት ናት፦ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 31.7 ሜትር፣ ርዝመቷ 19.5 ሜትር ገደማ፣ እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች። ክንፏ ከጀርባዋ በላይ ከፍ ብሎ በምሰሶ የተደገፈው ውኃው እየተረጨ ሞተሮቹንና መዘውሮቹን እንዳያገኛቸው ነው።

ፈጣን አልነበረችም። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትበር የዘመኑ ተዋጊ አውሮፕላን ዙሪያዋን እየዞረ ሊጫወትባት ይችል ነበር። ሀብቷ ሌላ ነው፦ ሳታርፍ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፣ ከግራና ከቀኝ ጎኗም እንደ እንቁራሪት ዓይን ያበጡ ሁለት ትልልቅ የመስታወት መስኮቶች አሏት። ወታደሮቹ እዚያ ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ ባሕሩን ሲያዩ ይውላሉ። ሥራዋ ማየት ነው፤ የመጣባትም መዘዝ በዚሁ ምክንያት ነው።

የሰጠመችው መቼና የት ነው?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጠዋት፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም። ቦታው የሃዋይዋ የኦዋሁ ደሴት ነው። ፐርል ሃርበር በደሴቲቱ ደቡብ በኩል ሲሆን የካኔኦሄ ወሽመጥ ደግሞ ከኮኦላው ተራሮች ማዶ በሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። በወሽመጡ ጠርዝ፣ ሞካፑ በተባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ ያኔ ገና አዲስ የነበረ የባሕር ኃይል አየር ሰፈር ነበር።

ጃፓኖች የፈለጉት ፐርል ሃርበርን ነው፤ ታዲያ ካኔኦሄን ለምን ቀድመው መቱ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ብዙዎች ናቸው፤ ለእኔም ከጠቅላላው ታሪክ ዋናው ይኸው ነው። የጃፓን አውሮፕላኖች ካኔኦሄ ላይ የደረሱት ከጠዋቱ 1፡48 ገደማ ነው፤ ፐርል ሃርበር የተመታው ከዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ዘግይቶ 1፡55 ላይ ነው። ካኔኦሄ ላይ ደግሞ የጦር መርከብ የለም። የነበሩት ካታሊናዎች ናቸው።

የጃፓን ዕቅድ አውጪዎች ያሰቡት ስለ መመለሻቸው ነበር። ስድስት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቻቸው ከሃዋይ ሰሜን፣ ከወዳጅ ወደብ እጅግ ርቀው ቆመዋል። ቦምባቸውን ጥለው የሚመለሱትን አውሮፕላኖች አንድ ቀርፋፋ ካታሊና ከሩቅ ብትከተል የመርከቦቹን ቦታ በሬዲዮ ትናገራለች፤ ያ ማለት አዳኙ ታዳኝ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጡንቻውን ከመምታት በፊት ዓይኑን ማጥፋት አስፈለገ። ያለ መሣሪያ ብቃት፣ ያለ ፍጥነት፣ በማየት ችሎታዋ ብቻ ከጦር መርከብ ቀድማ ዒላማ ሆነች።

ያን ቀን ካኔኦሄ ላይ ምን ተፈጠረ?

ሰፈሩ 36 ካታሊናዎች ነበሩት። ሦስቱ ጎሕ ሳይቀድ ለቅኝት ወጥተዋል። የቀሩት አንዳንዶቹ ሃንጋር በሚባለው የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ፣ አብዛኞቹ ከባሕሩ ዳር በተነጠፈው ሲሚንቶ ላይ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ወሽመጡ ላይ ታስረው ነበር። የጃፓን ተዋጊዎች ዝቅ ብለው እየተመላለሱ ተቀጣጣይ ጥይት አርከፈከፉባቸው፤ ከእነርሱ በኋላ ቦምብ ጣዮች መጥተው ሃንጋሩን መቱ። ሁሉም ነገር ሲያበቃ 27ቱ ወድመዋል፣ 6ቱ ተጎድተዋል። ለመብረር የሚበቃ የቀረው አየር ላይ የነበሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ወደ ሃያ የሚጠጋ ሰውም ሞቷል።

የጆን ፊን ታሪክ እዚህ ሳይነሣ አይታለፍም። የጦር መሣሪያ ክፍል አለቃ ነበር፤ ጥቃቱ ሲጀመር ከሃንጋሮቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ቤቱ ተኝቷል። መኪናውን አስነሥቶ በሰዓት 20 ማይል የሚለውን የሰፈሩን የፍጥነት ገደብ አክብሮ ሲነዳ አንድ አውሮፕላን ከላዩ አለፈ፤ ክንፉ ላይ ቀይዋን ፀሐይ ሲያይ ግን የፍጥነት ገደቡን ረሳው። ከዚያ ለማስተማሪያ በሚያገለግል ተንቀሳቃሽ ማቆሚያ ላይ መትረየስ ጠምዶ፣ ምንም መከለያ በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከሃያ በላይ ቦታ ቆስሎ ሳለ ከሁለት ሰዓት በላይ ተኮሰ። የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ፤ የሞተውም በ2010፣ በ100 ዓመቱ ነው።

ከአጥቂዎቹም አንድ ስም ካኔኦሄ ላይ ቀርቷል። መቶ አለቃ የነበረው አብራሪ ፉሳታ ኢዳ ነዳጁ ሲፈስበት ጓዶቹን አሰናብቶ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ተወረወረና ተከስክሶ ሞተ። አሜሪካኖቹ በማግስቱ የራሳቸውን ሟቾች ሲቀብሩ እርሱንም በወታደራዊ ሥርዓት ቀበሩት፤ የወደቀበት ቦታ ዛሬም ምልክት አለው።

ለቅኝት የወጡት ሦስቱ ምንም አላዩም?

አንዷ አይታለች፤ ሰሚ ግን አልነበረም። በዊልያም ታነር የምትበረው ካታሊና ከፐርል ሃርበር መግቢያ ውጭ አንዲት ትንሽ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አየች። ታነር መጀመሪያ ችግር የገጠማት የራሳቸው መርከብ መስላው ቦታዋን የሚያሳይ ጭስ ጣለላት። ወዲያው «ዋርድ» የተባለችው የጦር መርከብ ሰርጓጇ ላይ ተኩስ ስትከፍት፣ ከማለዳው 12፡45 ገደማ ማለት ነው፣ ካታሊናዋም የውኃ ውስጥ ቦምቧን ጣለች። ሪፖርቱ ከአለቃ ወደ አለቃ ሲንከባለል አንድ ሰዓት አለፈ፤ ጃፓኖችም ደረሱ።

ዋርድ «መትቻታለሁ» ያለችውን ለስልሳ ዓመት የተጠራጠሩ ነበሩ። በነሐሴ 2002 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥልቅ ውኃ መመርመሪያቸው ወርደው ሰርጓጇን 400 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኟት፤ የዋርድ ጥይት የበሳው ቀዳዳ ማማዋ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የካኔኦሄዋ ካታሊና የተገኘችው በ1994 ነው ወይስ በ2015?

ሁለቱም ዓመት የሚጠቀሰው ሰው «ማግኘት» የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ስለሚጠቀምበት ነው። በ1994 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ጠላቂዎች ቅሪቷ ያለችበት ወርደው ፎቶና ፊልም ለማንሣት ሞክረዋል፤ ውኃው ድፍርስ ሆኖ አልተሳካም። በ2008 የመዝናኛ ጠላቂዎች ቡድን ደግሞ ሞክሮ ነበር። በሰኔ 2015 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር አርኪዮሎጂስት ከሃንስ ቫን ቲልበርግ ጋር ሆነው የተሻሉ ካሜራዎች ይዘው ወረዱ። ዕድል ቀንቷቸው ውኃውም ጠራ ብሎ ጠበቃቸው።

ምስሎቹ ይፋ የሆኑት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ለ74ኛው መታሰቢያ ዋዜማ ነው። ጋዜጦቹ በሰፊው ስለዘገቡት ብዙ ሰው ያኔ የተገኘች መሰለው። እኔን ብትጠይቁኝ 1994ን የመገኘቷ፣ 2015ን የመታየቷ ዓመት ብዬ ነው የምይዘው።

9 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆና እንዴት ይህን ያህል ዘመን ተደበቀች?

እውነት ነው፣ 9 ሜትር ለጠላቂ ምንም አይደለም፤ ለጀማሪ ማስተማሪያ የሚሆን ጥልቀት ነው። ችግሩ ውኃው ነው። የካኔኦሄ ወሽመጥ በኮራል የታጠረ ጸጥ ያለ ውኃ ሲሆን ከኮኦላው ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች አፈር ይዘው ይገቡበታል። ከጦርነቱ በፊት ደግሞ በራሪ ጀልባዎች እንዲነሡበትና እንዲያርፉበት ተብሎ ወለሉ ተቆፍሮ ነበር። ደለሉ በጥቂቱም ሲነካ ይነሣል፣ ቶሎም አይረጋም። ጠላቂ የራሱን እጅ ዘርግቶ ጣቱን በማያይበት ቀን ካሜራ ምን ያደርጋል?

ቦታው ከጦር ሰፈር አጠገብ መሆኑም አለ። ዛሬ ሰፈሩ ማሪን ኮርፕስ የተባለው የአሜሪካ ጦር ክፍል ነው፤ ዙሪያው ያለው ውኃ ማንም እንዳሻው የሚዋኝበት አይደለም።

ዛሬ ምን ትመስላለች?

ሦስት ትልልቅ ቁራጭ ሆናለች፤ አውሮፕላንነቷ ግን አሁንም ይለያል። በ2015ቱ ምስሎች ላይ የአብራሪዎቹ ክፍል ይታያል፦ የመሪው ክብ አጥንት ቆሟል፣ የሞተር መቆጣጠሪያ እጀታዎቹም ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ካታሊና ላይ የነዳጅ እጀታው ሞተሮቹ ባሉበት በጣሪያው በኩል ስለሆነ አብራሪው ሲነሣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ነው የሚገፋው። ከምስሎቹ ሁሉ እኔን ያቆመኝ ይህ ነው።

ከሰፈሩ ካታሊናዎች የትኛዋ እንደሆነች ለምን አልታወቀም?

መለያ ቁጥሯ አልተነበበም። ቀለም በጨው ውኃ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን አይቆይም፤ ቁጥሩ ያለበት የብረት ሰሌዳ ቢኖርም ደለሉን መቆፈርና አካሉን መፍታት ይጠይቃል፣ ይህ ደግሞ የሚፈቀድ ሥራ አይደለም። ሰፈሩ ላይ የነበሩት ሦስት ስኳድሮኖች (የአውሮፕላን ጓዶች) ተመሳሳይ ዓይነት ይዘው ነበር፤ ስለዚህ በቅርጿ ብቻ ለይቶ «ይህቺ የእገሌ ናት» ማለት አይቻልም።

ውስጧ ሰው ነበር?

ተመራማሪዎቹ ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ፦ ሠራተኞቹ ጥይት እየዘነበባቸው ለመነሣት ሲሞክሩ ሞተው ይሆናል። ከዚህ አልፎ በየማኅበራዊ ገጹ «አስከሬን ተገኘባት» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ቦታዋ የሚያዘው ግን መቃብር ሊሆን በሚችል ክብር ነው፤ ይህም ለሚቀጥለው ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው።

ለምን አውጥተው ሙዚየም አያስገቧትም?

ያስወጧት ቀን መጥፋት ስለምትጀምር ነው። አሉሚኒየም በጨው ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጨው ወደ ውስጡ ይገባል። ከባሕሩ ወጥቶ አየር ሲያገኘው በዝግታ ይሄድ የነበረው መበላት ይፋጠናል፣ ብረቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። እንግሊዞች በ2013 ዶርኒየር 17 የተባለ የጀርመን ቦምብ ጣይ ከባሕራቸው ሲያወጡ መጀመሪያ ያደረጉት በተለየ ዋሻ መሰል መጠለያ አስገብተው በሎሚ ውስጥ ባለው ሲትሪክ አሲድ ውኃ ማርከፍከፍ ነበር፤ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። በሦስት ለተከፈለች፣ ክንፏ 30 ሜትር ለሚያልፍ በራሪ ጀልባ ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ነው።

ሙሉ ካታሊና ማየት የሚፈልግ ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ ያለው የባሕር ኃይል አቪየሽን ሙዚየም ወይም የሳን ዲዬጎው የአየርና የሕዋ ሙዚየም ቢሄድ ይሻለዋል።

ይህን ያህል ዘመን ተትታ የቆየች ዕቃ የአግኚዋ አትሆንም? አንድ ቁራጭ ለማስታወሻ ብወስድስ?

አትሆንም፤ መውሰድም አይቻልም። በ2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሰጠመ የጦር መርከብም ሆነ አውሮፕላን የቱንም ያህል ዘመን ቢያልፍ የመንግሥት ንብረትነቱ እንደማይቋረጥ ደንግጓል። ያለ ፈቃድ መንካት፣ መፍታት፣ መውሰድ ያስቀጣል፤ ሕጉ ሲወጣ የቅጣቱ ጣሪያ ለእያንዳንዱ ጥፋት 100,000 ዶላር ነበር። ሕጉ በአሜሪካ ውኃ ውስጥ ያሉ የሌሎች አገሮች የጦር መርከቦችንም ስለሚጠብቅ ትንሿ የጃፓን ሰርጓጅም እንዲሁ አትነካም። «ወድቆ የተገኘ» የሚለው የመንገድ ላይ ክርክር እዚህ አይሠራም።

ሌሎች በጦርነቱ የሰጠሙ በራሪ ጀልባዎች ተገኝተዋል?

ብዙ። በምዕራብ አውስትራሊያ ብሩም ከተማ ጃፓኖች መጋቢት 3 ቀን 1942 ወደቡ ላይ 15 በራሪ ጀልባዎች አቃጥለዋል፤ ባሕሩ እጅግ በሚሸሽበት ወቅት የአንዳንዶቹን ቅሪት በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል። በካናዳዋ ኩቤክ፣ ሎንግ ፕዋንት ደ ሚንጋን አጠገብ፣ በኅዳር 1942 በማዕበል መካከል ለመነሣት ስትሞክር የሰጠመች የአሜሪካ ካታሊና በ2009 በ40 ሜትር ጥልቀት ተገኝታለች። ዘጠኝ ሰዎች ይዛ ነበር፤ አራቱን የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ደርሰው አወጧቸው፣ አምስቱ ውስጧ ቀሩ። በ2012 የአሜሪካ ጦር ጠላቂዎች ወርደው የሟቾችን አጽም ፈልገዋል።

በመጨረሻ የጃፓኖቹ ስሌት ሠራላቸው?

ለዚያ ቀን ሠርቷል። አሜሪካኖቹ የጃፓንን መርከቦች ከየት እንደመጡ እንኳ ሳያገኙ ቀሩ፤ ስድስቱም ተሸካሚዎች የሚከተላቸው ሳይኖር ወደ አገራቸው ተመለሱ። የካኔኦሄ ካታሊናዎች ባይቃጠሉ ያገኟቸው ነበር ወይ የሚለው ግን አጠያያቂ ነው፤ ፍለጋው ያተኮረው በደቡብ በኩል ነበር፣ መርከቦቹ ያሉት በሰሜን።

የተቃጠሉትን የሚተኩ ግን ሳን ዲዬጎ ላይ በየቀኑ ይሠሩ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 3 ቀን 1942፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው ከሚድዌይ ደሴት የተነሣች ካታሊና ወደ ደሴቲቱ የሚመጡ የጃፓን መርከቦችን አየች። በማግስቱ ማለዳ ሌላዋ ተሸካሚዎቹን ራሳቸውን አገኘች። አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩና ሂርዩ፣ አራቱም ፐርል ሃርበርን ከመቱት ከስድስቱ መካከል ናቸው፤ አራቱም እዚያው ሰጠሙ። ካኔኦሄ ላይ የተከሰከሰው ኢዳ የተነሣው ከሶርዩ ነበር።